ለረጅም ቁመና የሚመጥን ጡንቻ እንዴት ይገነባል?

አዲስ አበባ፦ በዓል ሲቃረብ በአቃቂ የቁም እንስሳት ገበያ በሬ የሚመርጥ ገዥ አስቀድሞ የሚመለከተው ሁለት ነገር ነው፤ የአጥንቱን ትልቅነትና በአጥንቱ ላይ ያረፈውን ሥጋ። ቁመተ ረጅም ሆኖ ጎኑ የሰመጠ በሬ “ገና አልሞላም” ይባላል። በቂ መኖና ጊዜ ካገኘ እንደሚሞላ አርቢው ያውቃል። የእንስሳት እርባታ ትምህርትም ይህንኑ ያስተምራል፤ በእድገት ሂደት አጥንት ይቀድማል፣ ጡንቻ ይከተላል፣ ስብ በመጨረሻ ይመጣል።

የሰው ልጅ እድገትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ይሁን እንጂ ለበሬው የሚሰጠው ትዕግሥት በድንገት ቁመቱ ለተመዘዘ ወጣት ብዙ ጊዜ አይሰጠውም። “ሸንበቆ” እየተባለ የሚቀለድበት ወጣት ምንነቱ ያልታወቀ ዱቄት ይገዛል፣ መርፌ ያፈላልጋል፣ ወይም ከአቅሙ በላይ ክብደት ያነሳል። ጉዳዩ የመልክ ብቻ አይደለም። ፋብሪካና መጋዘን በበዛበት በአቃቂ ቃሊቲ ብዙዎች በጫኝና አውራጅነት እንዲሁም በግንባታ ሥራ ይተዳደራሉ። ለእነዚህ ሰዎች የጀርባና የእግር ጡንቻ የዕለት እንጀራ ጉዳይ ነው።

ቁመት ሲጨምር ምን ይለወጣል?

የመጀመሪያው ለውጥ የክብደት ነው። የአንድ ሰው ክብደት ለቁመቱ ተመጣጣኝ መሆኑ የሚገመተው ኪሎውን፣ በሜትር የተለካው ቁመት በራሱ ተባዝቶ ለሚገኘው ቁጥር በማካፈል ነው። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ለአዋቂ ሰው ውጤቱ ከ18.5 በታች ከሆነ ክብደቱ ዝቅተኛ ነው፤ ከ18.5 እስከ 24.9 ያለው ጤናማ ይባላል። በዚህ ስሌት 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን 1.65 ሜትር ቁመት ያለው ሰው ውጤቱ 22 ሲሆን ጤናማ ነው። ያው 60 ኪሎ ግራም 1.90 ሜትር በሆነ ሰው ላይ ሲሆን ውጤቱ ወደ 16.6 ይወርዳል። ይህ ሰው ዝቅተኛውን ጤናማ ክብደት ለመድረስ እንኳ ወደ 67 ኪሎ ግራም መመዘን ይኖርበታል። መለኪያው ጡንቻን ከስብ ስለማይለይ ለመነሻ ግምት እንጂ ለመጨረሻ ፍርድ አይሆንም።

ሁለተኛው ለውጥ የጉልበት ነው። ክንድ ሲረዝም በእጅ የተያዘ ክብደት ከትከሻ ይርቃል፤ በትከሻ ላይ የሚያርፈው ጫናም በዚያው ልክ ይጨምራል። 10 ኪሎ ግራም በተዘረጋ ክንድ ቢያዝ፣ 70 ሴንቲ ሜትር ክንድ ያለው ሰው ትከሻ 60 ሴንቲ ሜትር ክንድ ካለው ሰው ትከሻ ወደ 17 በመቶ የበለጠ ጫና ይሸከማል። ረጅም ሰው ቁጢጥ ብሎ ሲነሳም ሸክሙን የሚያንቀሳቅሰው በረዘመ መንገድ ነው። ስለዚህ ከአጭር ጓደኛው እኩል አለማንሳቱ የስንፍና ምልክት አይደለም። እንዲሁም እኩል መጠን ያለው አዲስ ጡንቻ በረጅም አጥንት ላይ ሲሰራጭ ለዓይን ቶሎ አይታይም።

አጥንት ይቀድማል፣ ጡንቻ ይከተላል

ወንዶች ልጆች በአብዛኛው በ13 እና በ14 ዓመት አካባቢ በፍጥነት ይረዝማሉ። የጡንቻ ክብደትና ጥንካሬ ከፍተኛ እድገት የሚያሳዩት ከዚያ ከወራት እስከ አንድ ዓመት ዘግይተው ነው። በዚህ መሀል ልጁ ቀጭን፣ አንዳንዴም እግሩን የሚያደናቅፈው ሊመስል ይችላል። ከጉልበት በታች ባለው አጥንት ላይ ሕመም መሰማቱም በዚህ ዕድሜ በሚሮጡና በሚዘሉ ልጆች ላይ የተለመደ ነው። የሰውነት መሙላት እስከ 20ዎቹ ዕድሜ ይቀጥላል።

ክብደት ማንሳት ቁመት ያስቀራል የሚል እምነት በብዙዎች ዘንድ አለ። በትክክለኛ አያያዝና በተመጠነ ክብደት የሚደረግ ልምምድ ግን እድገትን እንደሚገታ አልተረጋገጠም። በአንጻሩ ጡንቻ ያሳብጣሉ ተብለው የሚወሰዱ የወንዴ ሆርሞን መሰል መድኃኒቶች በማደግ ላይ ያለን አጥንት ያለጊዜው ዘግተው ቁመትን ያስቀራሉ። ጉበትንና ልብን ይጎዳሉ፤ የዘር ፍሬ ምርትንም ይቀንሳሉ።

ልምምዱ

ለጀማሪ በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን መሥራት ይበቃል። እያንዳንዱ ዋና ጡንቻ በሳምንት 2 ጊዜ ቢሠራ ጥሩ ነው። ቁጢጥ ብሎ መነሳት፣ ፑሽ አፕ፣ በዘንግ ላይ ተንጠልጥሎ ራስን መሳብና ክብደትን ከመሬት ማንሳት መላ ሰውነትን ያዳርሳሉ። በየሰፈሩ ከሲሚንቶና ከቆርቆሮ የሚሠሩ ክብደቶችም ሁለቱ ጫፋቸው እኩል እስከመዘነና ማያያዣቸው እስከጠበቀ ድረስ ያገለግላሉ። ከ6 እስከ 12 ጊዜ ደጋግሞ ለማንሳት የሚያስቸግር፣ ግን አያያዝን የማያበላሽ ክብደት ይመረጣል። የተመረጠው ክብደት ሲቀልል ጥቂት ይጨመራል።

ጭኑ ረጅም የሆነ ሰው ቁጢጥ ሲል ወደፊት ማዘንበሉ አይቀርም። እግርን ሰፋ አድርጎ መቆም፣ ጣቶችን ጥቂት ወደ ውጭ ማዞርና ከተረከዝ ሥር ስስ ጣውላ ማድረግ ይረዳዋል። ኩንታል ለሚያነሳ ሠራተኛም ዋናው ደንብ ሸክሙን ወደ ሰውነት ማስጠጋት ነው። ሸክሙ ከሰውነት በራቀ ቁጥር የወገብ ጫና ይበዛል። ጀርባን ሳያጎብጡ በእግር ኃይል መነሳት፣ በሸክም ላይ እያሉ ወገብን አለመጠምዘዝና ከባዱን ለሁለት ማንሳት ወገብን ያተርፋል።

ምግቡ

ጡንቻ የሚገነባው በልምምዱ ሰዓት ሳይሆን ከልምምዱ በኋላ በምግብና በእንቅልፍ ነው። ለዚህም በቀን ለአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 1.6 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይመከራል። 75 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሰው ይህ 120 ግራም ይሆናል።

ይህን መጠን ከውጭ በመጣ ዱቄት ብቻ መሙላት ግድ አይደለም። ከአቃቂ እስከ ቢሾፍቱ የተዘረጋው ጥቁር መሬት ጤፍ፣ ምስርና ሽንብራ የሚያበቅል ነው፤ ሽንብራው ክረምቱ ሲያበቃ በቀረው እርጥበት ይዘራል። በ100 ግራም ጥሬ ምስር ውስጥ ወደ 24 ግራም፣ በሽንብራ ወደ 20 ግራም፣ በጤፍ ደግሞ 10 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለ። ከ400 ግራም የጤፍ ዱቄት የተጋገረ እንጀራ፣ ከ200 ግራም ምስርና ሽንብራ የተሠራ ወጥ፣ 3 እንቁላልና ግማሽ ሊትር ወተት ተደምረው ወደ 120 ግራም ይጠጋሉ። እህልና ጥራጥሬ አብረው ሲበሉ አንዱ የጎደለውን ሌላው ስለሚሞላ የእንጀራና የሽሮ ጥምረት ከልማድ ያለፈ ጥቅም አለው።

55 ቀን በሚቆየው ዐቢይ ጾምና በሌሎች አጽዋማት እንቁላሉና ወተቱ ሲቀር ጥራጥሬውን መጨመርና አንድ ሁለት እፍኝ ለውዝ ማከል ክፍተቱን በአብዛኛው ይደፍናል። በሶ፣ ቆሎና ተልባም ኃይል ሰጪዎች ናቸው።

ከወትሮው በቀን ከ300 እስከ 500 ካሎሪ መጨመር በቂ ነው። 65 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በሳምንት ከ160 እስከ 325 ግራም ቢጨምር ጥሩ እርምጃ ነው። ከዚያ የፈጠነ ጭማሪ በአብዛኛው ስብ ይሆናል። አዋቂ ከ7 እስከ 9 ሰዓት፣ በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለ ልጅ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ይኖርበታል።

ወደ ሐኪም መሄድ የሚገባው መቼ ነው?

ክብደቱ ያለምክንያት የሚቀንስ፣ ከ2 ሳምንት በላይ የሚያስል፣ ሌሊት የሚያልበው ወይም እጅግ የሚጠማው ሰው ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ይመርመር። ሳንባ ነቀርሳ፣ የስኳር በሽታና የአንጀት ጥገኛ ትላትል ሰውነትን ያከሳሉ።

ከባድ ክብደት ለማንሳት የሚያስብ ረጅምና ቀጭን ሰው ማርፋን የተባለውን በዘር የሚተላለፍ ችግርም ማወቅ ይኖርበታል። ከ5 ሺህ ሰዎች በ1 ገደማ ላይ ይገኛል። ምልክቶቹ ከቁመት የሚበልጥ የተዘረጋ ክንድ፣ እጅግ ረጃጅም ጣቶች፣ የሰመጠ ወይም የወጣ ደረትና የዓይን ችግር ናቸው። አደገኛነቱ ከልብ የሚወጣውን ዋና የደም ሥር ማስፋቱና ማሳሳቱ ነው። 1.96 ሜትር ቁመት የነበራት አሜሪካዊቷ የመረብ ኳስ ተጫዋች ፍሎ ሃይማን፣ በ1984 እ.ኤ.አ. ኦሊምፒክ የብር ሜዳሊያ አግኝታ፣ በ1986 እ.ኤ.አ. በጃፓን በውድድር ላይ ሳለች ወድቃ ሞተች። ምክንያቱ የዚሁ የደም ሥር መቀደድ ነበር፤ ማርፋን እንዳለባት የታወቀው ከሞተች በኋላ ነው። ምልክቶቹ ያሉት ወይም ከቤተሰቡ በድንገት የሞተ ሰው ያለበት ወጣት ከባድ ክብደት ከማንሳቱ በፊት የልብ አልትራሳውንድ መታየት አለበት።

ምልክቱ ለሌለው ረጅም ወጣት ግን የሚያስፈልገው ሚዛን፣ ማዕድና ጊዜ ነው። በየሳምንቱ በአንድ ሰዓትና በአንድ ሚዛን መመዘን፣ የተነሳውን ክብደት በደብተር መመዝገብና ለውጡን በወራት ማየት ይገባል። “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” እንዲሉ፣ አጥንቱ የተዘረጋለት ሰው ጡንቻው ዘግይቶ ቢመጣም ይደርስለታል።