ዘር ስትቆጥሩ እናቶችንም ቁጠሩ

ሰው አርባን ሲሻገር የቅድመ አያቱ ነገር ያሳስበዋል። ዶዮገና ላይ ግን ይህ ጥያቄ መዝገብ ቤት አያደርስም። በአገራችን የልደት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በወጥነት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ስማችንም ከአባትና ከአያት አልፎ አይሄድም። ከዚያ ወዲያ ያለው በሽማግሌዎች አፍ ነው።

በቃል ብቻ እንዴት ቆየ? ጋብቻ ጠበቀው። በከምባታም በሀዲያም ባህል ከራስ ጎሳ ማግባት ነውር ነው፤ ሽማግሌ ሲላክ ጎሳ ይጣራል። ስለዚህ አባቶችን መቁጠር ግዴታ እንጂ ጨዋታ አልነበረም።

ልብ በሉ! ይኸው ሕግ እያንዳንዷን እናት ከሌላ ጎሳ አምጥቷል። ሰባት ትውልድ ወደ ኋላ ብንሄድ፣ በሰባተኛው እርከን ላይ ብቻ እስከ 128 ሰዎች ይኖሩናል። በቃል የምንይዘው አንዱን ነው። የቀሩትስ የማን ናቸው?

ጀርመናዊው አንትሮፖሎጂስት ኡልሪክ ብራውኬምፐር የሽማግሌዎችን ቃል ለዓመታት ሰብስቦ የሀዲያን ታሪክ ጽፏል። ከሀዲያ የሚመዘዙ ጎሳዎች ዛሬ በአርሲ ኦሮሞ ውስጥ ጭምር እንደሚገኙ አሳይቷል። ቋንቋ ይቀየራል፣ ሃይማኖት ይቀየራል፣ የጎሳው ስም ግን ይተርፋል።

ዛሬ የዘር ቆጠራ የወረዳና የዞን ክርክር መሣሪያ ሆኗል። «እኛ ንጹሕ ነን» የሚል ካለ የአያቱን እናት ጎሳ ጠይቁት። የማግባት ሕጉ ከተጠበቀ መልሱ «ሌላ» ነው።

ስለዚህ አዛውንቶቻችሁ ሳያልፉ ስልካችሁን አውጡና ድምፃቸውን ቅዱ። የአባቶችን ስም ከጨረሳችሁ በኋላ «እናቱስ ከየት መጣች?» በሉ። አብዛኛው ታሪካችን ያለው እዚያ ነው።