‹‹ማነው?›› ‹‹እኔ ነኝ!››

እስቲ ልብ በሉልን፣ ይህ ምን የሚሉት መልስ ነው? በአዲስ አበባ በር የሚያንኳኳ ሰው ሁሉ ‹‹እኔ›› ነው። ስሙን የሚናገር የለም፤ ከውስጥ ያለውም በድምፁ ካልለየው መቀርቀሪያውን አያነሳም። ስልክ ላይ ደግሞ ይብሳል። ደዋዩ ‹‹ማን ልበል?›› ይላል፤ የተደወለለት ‹‹አንተ ማን ነህ?›› ይላል፤ ሁለቱም ስማቸውን እንደ ብር ኖት ጨብጠው ካርዱ ይቆጥራል…

እኛ በዚህ ነገር እየቀለድን ነው ያደግነው። ሳቃችንን ቆም ያደረጉት ከመሃላችን የአንዷ አያት ናቸው። (ስማቸውን አንጽፍም። ብንጽፍም ደስ አይላቸውም፣ ምክንያቱን ታዩታላችሁ።) እማማ ዕድሜያቸውን የፈጁት ልደታ ነው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ብዙ በማይርቅ ግቢ፣ ስድስት አባወራ በአንድ ቧንቧና በአንድ ሽንት ቤት በሚገለገልበት። ገበያ ሲሄዱ የቤታቸውን ቁልፍ ለጎረቤታቸው ሰጥተው ነው። ልጆቹም፣ ምድጃ ላይ የተጣደው ሽሮም ለእሷው አደራ ነው። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ኖረዋል። በዚያ ሁሉ ዘመን ግን ለዚያች ጎረቤት ስለ መንግሥት አንዲት ቃል ተንፍሰው አያውቁም።

‹‹ቁልፌን አምኛታለሁ›› አሉን፣ ‹‹አፌን ግን አላመንኳትም።››

ይህ እንዴት ይሆናል? ብለን ወደ ኋላ ሄድን።

አለመተማመን እንግዳችን አይደለም። በድሮ ግብዣ አሳላፊዋ ጠጁን ከመስጠቷ በፊት ጥቂት መዳፏ ላይ አንቆርቁራ ትቀምስ ነበር፤ መርዝ እንደሌለው በራሷ ሆድ ማረጋገጧ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ዘንድ እስኪደርሱ አንዱ ከሌላው ጋር ተቆራኝቶ ይሄድ ነበር፣ ማን ያመልጣል! (ዛሬም በሽተኛን ‹‹የአልጋ ቁራኛ›› ስንል ከዚያ የተረፈ ቃል ነው የምንናገረው።) ከሁሉ የገረመን ግን አውጫጭኝ ነው፤ አፈርሳታም ይባላል። የሰረቀው ወይም የገደለው ሰው ካልታወቀ ያገሩ ሰው አንድ ቦታ ይሰበሰብና ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤቱ አይመለስም። እርሻው ይጠብቃል፣ ከብቱ ይጠብቃል። ፖሊስ በሌለበት አገር የወንጀል መርማሪው ጎረቤት ነበር ማለት ነው። ዋስ የሚሆንህም እሱ፣ የሚመሰክርብህም እሱ።

በንጉሡ ዘመን ‹‹ጆሮ ጠቢ›› የሚለው ቃል የከተማ ሰው ሁሉ አፍ ላይ ነበር። ቢሆንም ጆሮ ጠቢ ከውጭ የሚመጣ ሰው ነው፤ ጠጅ ቤት ውስጥ ጥግ ይዞ የሚቀመጥ። ነገሩ ግቢ ውስጥ የገባው ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ነው።

በዚያ ዓመት ሐምሌ ወር ደርግ አዋጅ ቁጥር 47ን አወጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፣ የኪራይ ዋጋ ቀነሰ፣ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር (በኋላ ሁሉም ‹‹ቀበሌ›› ያለው) ተቋቋመ። እውነቱን ለመናገር ብዙ ደሃ ተከራይ እልል ብሏል፣ እማማም ጭምር። ቀበሌው ኪራይ ይሰበስባል፣ ስኳር በራሽን ያከፋፍላል፣ በሸንጎው ጥል ይዳኛል፣ መታወቂያ ይሰጣል። ማን ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ማን ትናንት እንዳላደረ ግን ለማወቅ የሚቀርበው የለም። 1969 ሲመጣ ደግሞ ጠመንጃ የያዘ የአብዮት ጥበቃ ጓድ ነበረው።

መጋቢት 14 ቀን 1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ለቤት አሰሳ ተጀመረ። የእማማ ታናሽ ወንድም ተማሪ ነው፤ ፍራሽ ሥር የኢሕአፓ ልሳን ‹‹ዲሞክራሲያ›› ተደብቋል። እማማ አያውቁም፣ ወይም የማያውቁ መስለው ኖረዋል። ያን ማለዳ ጎረቤቲቱ (ባሏ የአብዮት ጥበቃ ነው) በር ላይ ቆማ ጮክ ብላ ‹‹እንዴ፣ ዛሬ እንጀራ አትጋግሪም እንዴ?›› አለቻቸው።

የጋገሩት ከትናንት ወዲያ ነው። መሶቡ ሙሉ ነው። እሷም ታውቃለች።

እማማ ፍራሹን ገለበጡ፣ ወረቀቱን ከምጣዱ ሥር አነደዱት፣ ሊጥ ስላልነበራቸው ዱቄት በውኃ በጥብጠው ቂጣ አሰፉ። ፈታሾቹ ሲገቡ ቂጣው ምጣድ ላይ ነበር። አንዱ ቆርሶ በላ ይላሉ፣ ሲያወሩት ዛሬም ይስቃሉ። ከዚያ ግን ዝም ይላሉ። በዚያው ሰሞን ከሌላ ግቢ ሁለት ወንድማማቾች ተወስደው አልተመለሱም። ስማቸውን ለቀበሌው ማን እንደሰጠ የሚያውቅ የለም። በግቢው የተጠረጠረው የጎረቤቲቱ ባል ነበር።

እማማን ያዳነችውና እነዚያን ልጆች ሳታሳልፍ አልቀረችም የተባለችው አንድ ሴት ናት። እማማ ‹‹አንቺ ነሽ ወይ?›› ብለው ጠይቀዋት አያውቁም፤ ቁልፋቸውንም ከእሷ ወስደው አያውቁም።

በ1970 ቀበሌዎች ነዋሪውን ለማጋለጥ ስብሰባ ጠሩት። ራስህን ታጋልጣለህ፣ ሌላውንም ታጋልጣለህ። የጥንቱ አውጫጭኝ አዲስ ልብስ ለብሶ መጣ ብንል ያጋነንን አይመስለንም፤ ልዩነቱ ያኛው የተፈጸመ ወንጀል ነበረው፣ የጠፋ በሬ ወይም የወደቀ ሬሳ። ይህኛው ሐሳብ ነው የሚፈልገው። በመጋቢቱ አሰሳ ማግስት የተማሩት ነገር ከቤተሰቡ አልወጣም፦ ሬዲዮ ከፍ አድርጎ ማውራት፣ ስልክ ላይ ‹‹ስንገናኝ›› ማለት፣ ልጅ ሲጠይቅ ‹‹ዝም በይ፣ ግድግዳ ጆሮ አለው›› ማለት። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ‹‹አንድ ለአምስት›› የሚባል አደረጃጀት ሲመጣ እማማ አልገረማቸውም፣ ቁጥሩን ብቻ ነው የጠየቁት።

ልደታ ካልን ፍርድ ቤቱን ዘለን አናልፍም። ሐምሌ 2006 ዓ.ም. የዞን ዘጠኝ ጦማሪያን ሲከሰሱ (ቃሊቲ ስምንት ዞን ነበረው፣ ዘጠነኛው ውጭ ያለነው ነን ለማለት ነው ስሙ) የኢንተርኔት መልእክትን በምስጢር ስለመጠበቅ ሥልጠና መውሰዳቸው ክሱ ውስጥ ተጠቅሶ ነበር። ችሎቱ የቀሩትን ጥቅምት 5 ቀን 2008 ዓ.ም. ከሽብር ክሱ ነፃ አላቸው። የእማማ ትውልድ ሬዲዮ ከፍ አድርጎ የሠራውን ነው እነሱ በኮምፒውተር የሠሩት። በር መቆለፍህ ራሱ ጥርጣሬ የሚሆንበት ጊዜ አለ!

የልደታ አሮጌ መንደር በ2001 እና 2002 ዓ.ም. ሲፈርስ ግቢው ተበተነ። ጎረቤቲቱ የት እንደደረሰች እማማ አያውቁም። ከዓመታት በኋላ ልጃቸው እዚያው በቆመው ኮንዶሚኒየም ቤት ተከራይታ አመጣቻቸው። ፎቁ ላይ በእያንዳንዱ የእንጨት በር ፊት ሌላ የብረት በር አለ፣ ከበረንዳው ፌሮ ጋር ሲታይ እስር ቤት ይመስላል ማለት አሰልቺ ቀልድ ሆኗል። ታች ጥበቃው ‹‹ማን ጋ ነው?›› ይላል። እኛ በበኩላችን የማንተዋወቀው ሰው ሁሉ እንዲያነበው ፌስቡክ ላይ የፈለግነውን እንለጥፋለን፣ የፊት ለፊት ጎረቤታችንን ስም ግን አናውቅም። አፋችንን ከፍተን ቁልፋችንን የደበቅን ትውልድ ነን።

እማማ ቤቱ ሲከራይ ገና በመጀመሪያው ቀን ትርፍ ቁልፍ አስቀረጹ። ለማን እንደሚሰጡት ግን ቸገራቸው፤ መሐረብ ውስጥ ቋጥረው ቡፌው ውስጥ አስቀመጡት።

ባለፈው ፋሲካ ብቻቸውን ሳሉ በሩ ተንኳኳ። ‹‹ማነው?›› አሉ። ‹‹እኔ ነኝ›› አለች አንዲት ልጅ። ድምፁን አላወቁትም፣ አልከፈቱም። ማታ የልጅ ልጃቸው ስትመጣ የብረት በሩ እጀታ ላይ በፌስታል የተንጠለጠለ ድፎ ዳቦ አገኘች። እማማ መጀመሪያ ለእሷ አስቀመሷት፤ ትንሽ ጠበቁና እሳቸውም በሉ።