የ400 ዓመቱ የገበቴ ዛፍ



ችግኝ ከፕላስቲኩ ሳይወጣ ሲከርም ሥሩ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ዙሪያውን ይጠመጠምና ችግኙ እየቀጨጨ ይሄዳል። ታዲያ ገበቴ በሚያህል ዕቃ ውስጥ 400 ዓመት የኖረ ዛፍ አለ ብንላችሁ ታምናላችሁ? አለ! ዛሬ ታሪኩን እናውጋችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ይህ ሙያ የቆየ ነው። ቻይና ውስጥ በ706 በተሠራ የአንድ ልዑል መቃብር ግድግዳ ላይ፣ ትንንሽ ተክል ያለበት ሳህን የያዘ አገልጋይ ተስሎ ይታያል። ሙያው ከቻይና ወደ ጃፓን ተሻገረ። ጃፓኖች «ቦንሳይ» ይሉታል፤ በዝርግ ዕቃ የተተከለ ማለት ነው። ዛፉ ድንክ ዘር እንዳይመስላችሁ። ሜዳ ላይ ቢተከል እንደ ወንድሞቹ ይረዝም ነበር። የሚያሳጥረው ሰው ነው፤ ቅርንጫፉን ይገርዛል፣ በሽቦ ያጎብጣል፣ ሥሩን ይከረክማል።

አሁን ወደ ዛፋችን እንምጣ። እኛ ፓቱላ የምንለው ዛፍ ዘመድ ነው። ከ1625 ጀምሮ በእጅ ሲገረዝ የኖረ ሲሆን፣ በጃፓን ሂሮሺማ ከተማ ያማኪ የሚባል ቤተሰብ ከአባት ወደ ልጅ እያወረሰ ይጠብቀው ነበር። ኦገስት 6 ቀን 1945 ጠዋት አሜሪካ በከተማዋ ላይ አቶሚክ ቦምብ ጣለች። የያማኪ ቤት ቦምቡ ከፈነዳበት ቦታ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይርቅ ነበር። የቤቱ መስታወት ረገፈ። ዛፉ ግን ከረዥም ግንብ ጀርባ ስለነበር ተረፈ።

ልብ በሉ፤ ከቦምቡ ያዳነው ግንቡ ነው። ከዚያ በኋላ ያዳነው ግን የሰው እጅ ነው። የማሳ ዛፍ ውኃ ሲያጣ ሥሩን ወደ ታች ይሰዳል። የገበቴ ዛፍ ግን የት ይሂድ? በሞቃት ወር ጥቂት ቀን ቢረሳ ይደርቃል። በዚያ ሁሉ ሐዘን መሃል ውኃ ያጠጣው ሰው ነበር ማለት ነው።

በ1976 አሜሪካ 200ኛ ዓመቷን ስታከብር ጃፓኖች 53 የቦንሳይ ዛፎች ስጦታ ላኩ። ማሳሩ ያማኪ ይህንን ዛፍ ሰጠ፤ ያውም ከተማውን ላወደመች አገር! ዛፉ ዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ የዛፎች መካነ ዕፅዋት ገባ። ከቦምብ የተረፈ መሆኑ በሰፊው የታወቀው ግን በ2001 ነው፤ ሁለት የልጅ ልጆቹ ሊያዩት መጥተው ታሪኩን ሲናገሩ።

እናንተስ ከዚህ ምን ትወስዳላችሁ? ወይራን በዕቃ ማሳደግ ይቻላል፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ለዚህ ሙያ በጣም ይወደዳል። ለመሞከር እንዲህ አድርጉ፦

• ዕቃው ከታች ቀዳዳ ይኑረው። ውኃ ከቋጠረ ሥሩ ይበሰብሳል።

• መረሬ አፈር ብቻውን አይሆንም። አሸዋና የበሰለ ኮምፖስት ቀላቅሉበት።

• በልማድ ብቻ አታጠጡ። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ አስገቡ፤ ደረቅ ከሆነ አጠጡ።

• በሁለት ሦስት ዓመት አንዴ፣ ክረምት መግቢያ ላይ፣ ዛፉን አውጥታችሁ የተጠመጠመውን ሥር ከርክሙ። ከሲሶ አይብለጥ። አዲስ አፈር ጨምራችሁ መልሱትና ጥቂት ሳምንት ጥላ ሥር አቆዩት።

የዚያ ዛፍ ዕድሜ ምሥጢር ይኸው ሥር መከርከም ነው። ሥሩ ሲታደስ ዛፉም ይታደሳል። ግን መቀስ ብቻውን 400 ዓመት አያደርስም። አንዱ ሲያረጅ ሌላው መቀሱን ተቀብሏል። ችግኝ የሚተክል ብዙ ነው፤ ተረካቢ ያዘጋጀ ግን ጥቂት ነው። እናንተም ስትከረክሙ ልጃችሁን አጠገባችሁ አቁሙት፤ መቀሱንም አንዳንዴ ስጡት።

ቸር እንሰንብት።