የዛጉት ብሎኖች እና የጋሼ ጊታር

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ስለ መታወቂያ እድሳት አልጽፍም። ስለ ስድስት የዛጉ ብሎኖች ነው የምጽፈው። ታገሡኝ፤ የታሪክ መምህር ነኝና ዞሬ የምገባው እዚያው ነው።

እዚህ ኢስሊ፣ እኛ ግቢ የሚኖሩ አንድ ጋሼ አሉ። በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ በምሽት ክበብ ጊታር ይጫወቱ ነበር። ባለፈው ሳምንት ጃፓን ሠራሽ አሮጌ ኤሌክትሪክ ጊታራቸውን ይዘው መጡና «መምህር፣ ሬዲዮ ትጠግናለህ አሉ። ሦስተኛው ክር ሌሎቹን እየዋጠ አስቸገረኝ። ቅዳሜ ገዢ ይመጣል» አሉኝ። የሦስት ወር ኪራይ አለባቸው።

ከክሮቹ ሥር ያለው ፒክአፕ ማግኔት ነው፤ ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ በሺህ የሚቆጠር ዙር ተጠምጥሞለታል። በብዙዎቹ ላይ ለየክሩ አንድ ብሎን አለ። ብሎኑ ወደ ክሩ ሲቀርብ ድምፁ ይጎላል፣ ሲርቅ ይቀንሳል። ድሮ ሦስተኛው ክር በላዩ ሽቦ የተጠመጠመበት ነበር። በ1960ዎቹ ያልተጠመጠመው ሲለመድ ግን ይኸው ክር ከሌሎቹ በላይ መጮህ ጀመረ። ትዝታ ሲጫወቱ ጣት ከክር ክር ሲሄድ አንዱ ከጮኸ ዜማው ይበላሻል። ብሎኑ ዝቅ ማለት ነበረበት፤ ስድስቱም ግን ዝገው ተጣብቀዋል።

ተማሪዎቼ ዘመናዊ ሙዚቃችን ከየት መጣ ሲሉኝ ከስደተኞች እጀምራለሁ። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ያገኟቸውን 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጡ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። ከዚያ የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ መጣ። በ1969 አምሃ እሸቴ ሸክላ የማሳተም መብት የመንግሥት ሆኖ ሳለ ደፍሮ ማሳተም ጀመረ። በ1974 ደርግ መጣ፤ ሰዓት እላፊ ታወጀ። ሙዚቀኞች በር ተዘግቶባቸው እስኪነጋ ይጫወቱ ነበር። አምሃ በ1975 ተሰደደ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዋልያስ ባንድ አሜሪካ ሲሄድ ኃይሉ መርጊያና ሌሎችም እዚያው ቀሩ፤ ኃይሉ ዋሽንግተን ታክሲ ነዳ። የአይቤክስና የሮሃ ባንዱ ጊታሪስት ሰላም ስዩም ደግሞ ታሪክ ተምሮ የዚህን ሙዚቃ አነሳስ ራሱ ጻፈ። ባይጽፍ ኖሮ ስንቱን ባላወቅን!

ወደ ብሎኑ ልመለስ። መጀመሪያ ተሳሳትኩ፤ በማይገጥም ካቻቢቴ ታግዬ የአንዱን ራስ በላሁት። ከዚያ ተረጋጋሁ። ክሮቹን ፈታሁ፣ ፒክአፑን አወጣሁ፣ ሽቦው እንዳልተበጠሰ በቴስተር ለካሁ። ከሥር በኩል በመርፌ ጫፍ አንዲት ጠብታ የዝገት ዘይት ብሎኑ ላይ ብቻ አኖርኩ፤ ጥቅሉ ላይ ከፈሰሰ ጉዳት ነው። አሳደርኩት። በማግስቱ ሊድ የምናቀልጥበትን ካውያ ብሎኑ ራስ ላይ ለጥቂት ሰከንድ አሳረፍኩ፤ ከዚያ በላይ ከቆየ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ሲቀዘቅዝ በልክ በሚገጥም ካቻቢቴ መጀመሪያ በጥቂቱ ወደ ማጥበቂያው ገፋሁት፣ ከዚያ ወደ መፍቻው። ቀጭ አለ። አምስቱ ተፈቱ፤ ራሱን የበላሁት እንደተጣበቀ ቀረ። ሦስተኛው ከተፈቱት ውስጥ ስለነበር ተመስገን አልኩ።

ዓርብ ማታ ጋሼ ሞከሩት። «አሁን ሁሉም ይሰማል» አሉ። እየተጫወቱ ያወሩትን በስልኬ ቀዳሁ፤ ማን ከማን ጋር እንደተጫወተ፣ ማን በየት በኩል እንደወጣ። አርባ ደቂቃ ሆነ።

ቅዳሜ ገዢው መጥቶ ወሰደው። የኬንያ የስደተኞች ሕግ 2021 የመሥራት መብትን ይጠቅሳል፤ ጋሼ ግን ፈቃድ ሲጠብቁ ጊታራቸው ኪራይ ሆነ። ይህን ሳልናገር አላልፍም።

እናንተስ? ግቢያችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ዕቃው ከመሸጡ በፊት ሂዱና ጠይቁ፤ ቅዱ። ዕቃው ቢሄድም ታሪኩ አብሮ አይሂድ።