መንገደኛና የመጠጥ ውኃ፤ በጉዞ ላይ ውኃን ስለ ማጣራት ታሪክ አጭር ጥናት

በእግሩ የሚጓዝ ሰው ከምንጭ ወይም ከወንዝ አጠገብ ሲደርስ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። ይኸውም ውኃውን እንዳለ ልጠጣው ወይስ አስቀድሜ ላጣራው የሚል ነው። ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በታሪክ ስንመረምረው፣ በአንዳንድ ጦርነት ከጥይት ይልቅ ብዙ ሰው የፈጀው ለዚሁ ጥያቄ የተሰጠው መልስ መሆኑን እንረዳለን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መንገደኛና ወታደር በልዩ ልዩ ዘመን ለጥያቄው የሰጡትን መልስ መርምሮ፣ ለዛሬው ተጓዥ የሚሆነውን ትምህርት ማውጣት ነው። ሐሳባችን ባጭሩ ይህ ነው፤ መንገደኛን የጐዳው የዕውቀት ማነስ ብቻ አይደለም፤ የታወቀው ዘዴ ለደከመና ለተጠማ ሰው የማይመች ሆኖ መገኘቱም ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ በሌላ ካልገለጽን በቀር፣ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

፩. ዐይንና እሳት

ከጥንት ጀምሮ የውኃ ዳኛ ዐይን፣ አፍንጫና ምላስ ነበሩ። የጠራ፣ የሚፈስና የማይሸት ውኃ መልካም ነው ተባለ፤ የደፈረሰውን ደግሞ እስኪጠል አቆይተው ይጠጡታል፤ አልቅት የሚፈራም በጨርቅ ያጣራዋል። ይህ ዳኝነት ከንቱ አልነበረም፤ ጭቃንና አልቅትን ይከላከላል። ጉድለቱ የማይታየውን ነገር ለመፍረድ አለመቻሉ ነው። «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ» የሚለው ያገራችን ተረት የተነገረው ስለ ወንዝ ሙላት ቢሆንም፣ ለጠራና ለቀዘቀዘ የምንጭ ውኃም የሚስማማ ይመስለናል።

ውኃን በእሳት ማፍላትም የቅርብ ጊዜ ግኝት አይደለም። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ እንደሚነግረን፣ የፋርሱ ንጉሥ ቂሮስ ለዘመቻ ሲወጣ በሱሳ አጠገብ ከሚፈሰው ከኮአስፔስ ወንዝ የተቀዳ ውኃ ተፈልቶ፣ በብር ዕቃ ተሞልቶ፣ በቅሎዎች በሚጐትቱት ባለ አራት መንኰራኵር ሠረገላ ተጭኖ ይከተለው ነበር። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል እንለምናለን። የፈላ ውኃ የተጫነው ለንጉሡ ነው። ተራው ወታደር ሠረገላም ሆነ የብር ዕቃ አልነበረውም። የዘዴው መታወቅና ዘዴው ለእግረኛ መድረሱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚሁ እንገነዘባለን።

፪. የመቅደላ ዘመቻ

ይህ ልዩነት በአገራችን ታሪክም ይታያል። በ1866 በጣና ሐይቅ አካባቢ የኮሌራ ወረርሽኝ በዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ላይ በወደቀ ጊዜ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሠፈራቸውን ለቀው ወደ ደጋው ወደ ደብረ ታቦር ተጓዙ። በሽታው በውኃ እንደሚተላለፍ እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ስኖው በ1854 በለንደን ከተማ ቢያስረዳም፣ በገዛ አገሩ እንኳ አስተያየቱ ገና ሙሉ ተቀባይነት አላገኘም ነበር። ሮበርት ኮኽ የኮሌራን ተሐዋሲ ለይቶ ያሳወቀው በ1884 ነው። ስለዚህ የታመመውን ሥፍራ ጥሎ ወደ ደጋ መውጣት በዚያ ዘመን የሚያስነቅፍ አልነበረም።

ከሁለት ዓመት በኋላ በዙላ የባሕር ወደብ የወረደው የጄኔራል ናፒየር ጦር 13000 ያህል ወታደሮችና ከዚያ የሚበልጡ ጓዝ ተሸካሚዎች ነበሩት። በዙላ ዳርቻ ለዚህ ሁሉ ሰው የሚበቃ ንጹሕ ውኃ ስላልነበረ፣ የመርከቦቹ የእንፋሎት መሣሪያ የባሕሩን ውኃ እያተነነ ወደ መጠጥ ውኃ ይለውጥ ነበር። የሚገኘው ውኃ ግን ለከብቶቹ ጭምር አልበቃም፤ ብዙ በቅሎዎች በውኃ ጥም አለቁ። ሁለተኛው ዘዴ ጫፉ የሾለና ጐኑ የተበሳሳ የብረት ቧንቧ መሬት ውስጥ በመዶሻ መትቶ እያስገቡ፣ ከሥር ያለውን ውኃ በእጅ ፓምፕ መሳብ ነበር። ውኃው በአሸዋው ውስጥ ሲያልፍ በተፈጥሮ ስለሚጣራ ከኵሬ ውኃ የተሻለ ነው። ይህ ጕድጓድ ከዘመቻው በኋላ በእንግሊዝ አገር «የሐበሻ ጕድጓድ» የሚል ስም አትርፎ ቀርቷል። ስሙ የእኛ ይሁን እንጂ መሣሪያው ከውጭ የመጣና በብዙ ጓዝ የሚጓጓዝ ነበር። ጦሩ መቅደላን በሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓመተ ምሕረት ያዘ።

የውኃ ጥም ኃይል ምን ያህል እንደ ሆነ ከዚያ በኋላ በ1896 በጥር ወር በመቀሌ ታየ። እቴጌ ጣይቱ በእንዳ ኢየሱስ ምሽግ የነበረው የኢጣልያ ጦር ውኃ የሚቀዳበትን ምንጭ እንዲያዝ ባደረጉ ጊዜ፣ መድፍ ያልበገረው ምሽግ በጥም ተፈትቶ ተለቀቀ። እንግዲህ ለተጠማ ሰው የውኃ መኖር ከውኃ ንጽሕና ይቀድማል። ስለ ማጣራት የሚመክር ሁሉ ይህን ሊዘነጋው አይገባም።

፫. ዕውቀት ሳለ የመጣ ጥፋት

ለሐሳባችን ዋናው ማስረጃ በደቡብ አፍሪካ የተደረገው የእንግሊዞችና የቦኤሮች ጦርነት ነው (1899-1902)። በዚያን ጊዜ የአንጀት ተስቦ ተሐዋሲ ከታወቀ 20 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ውኃን ማፍላት እንደሚገባም የሠራዊቱ ሐኪሞች ያውቃሉ። ይሁን እንጂ በየካቲት 1900 በፓርደበርግ በተደረገው ውጊያ የእንግሊዝ ወታደሮች የሞደር ወንዝን ውኃ ጠጡ። ከላይ በኩል ከተከበበው የቦኤሮች ሠፈር የፈረስና የበሬ ሬሳ በወንዙ እየተንሳፈፈ ይወርድ ነበር። ሜዳው ዛፍ ስለሌለው ለማፍያ የሚሆን እንጨት አልተገኘም፤ ፀሓዩም ይበረታ ነበር።

ጦሩ በመጋቢት 13 ቀን ወደ ብሉምፎንቴይን ከተማ ሲገባ በሽታውን ይዞ ገባ። በዚያው ወር መጨረሻ ቦኤሮች ሳናስ ፖስት በተባለው ቦታ የከተማውን ውኃ ማከፋፈያ በያዙ ጊዜ ደግሞ ሕዝቡና ሠራዊቱ ወደ አሮጌ ጕድጓዶች ተመለሱ። በልብ ወለድ ድርሰቱ የታወቀው ሐኪሙ አርተር ኮናን ዶይል በዚያ ሆስፒታል ሲያገለግል ጥፋቱን በዐይኑ አይቷል። በጦርነቱ ዘመን ከ57000 የሚበልጡ የእንግሊዝ ወታደሮች በአንጀት ተስቦ ታመው ከ8000 የሚበልጡት ሞቱ። በውጊያ ላይ የወደቁትና በቍስል የሞቱት ተደምረው ከዚህ ያንሳሉ።

ለዚህ ጥፋት ወታደሩን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ውኃ አፍላ የሚል ትእዛዝ እንጨት፣ ድስትና የዕረፍት ጊዜ ከሌለው ባዶ ቃል ነው።

፬. እሳትን የተካ መድኃኒት

ከዚህ በኋላ የተደረገው ምርምር ወታደሩ በኪሱ ወይም ጦሩ በጓዙ ሊይዘው የሚችለውን ዘዴ ወደ መፈለግ አዘነበለ። በ1910 የአሜሪካ ጦር ሐኪም ካርል ዳርናል ክሎሪንን በውኃ ላይ የሚጨምር መሣሪያ ሠራ። ባልደረባው ዊልያም ሊስተር ደግሞ ክሎሪንነት ያለውን ዱቄት በትልቅ የሸራ ከረጢት ውስጥ ካለ ውኃ ጋር መቀላቀል በቂ መሆኑን አሳየ። ከረጢቱ በሦስት እንጨት ላይ ይንጠለጠላል፤ ወታደሩም ከሥሩ ካሉት ቧንቧዎች ኮዳውን ይሞላል። በ1917 ሃላዞን የተባለው ክኒን ተገኘ። እንግዲህ አንድ እግረኛ እሳት ሳያነድ ውኃውን ለማጣራት የቻለው ከዚህ ወዲህ ነው።

ነገር ግን አዲሱ ዘዴም የራሱ ድካም ነበረው። ክሎሪን በደፈረሰ ውኃ ኃይሉ ይቀንሳል፤ በአሜባ ቅርፊትም ላይ ደካማ ነው። ከዚህም የተነሣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካውያን የአዮዲን ክኒን አዘጋጁ። ጣዕሙን ግን ብዙ ሰው ይጠላዋል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል፣ ውኃው ከቀዘቀዘም ከዚያ በላይ፣ መቈየት ይጠይቃል።

፭. የተራራ ተጓዦችና አዲሱ ክርክር

ከጦርነቱ በኋላ ጥያቄው ከወታደር ወደ ተራራ ተጓዥ ተላለፈ። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአሜሪካ ተራሮች ጓዛቸውን ተሸክመው የሚጓዙ ሰዎች በጃርድያ መታመማቸው ይሰማ ጀመር። ይህን ተሐዋሲ ሆላንዳዊው ሌቨንሁክ በ1681 በማጉያ መነጽሩ አይቶት ነበር። ሰው ከማይደርስበት ጫካ የወረደ የጠራ ውኃ ሊያሳምም መቻሉ የዐይንን ዳኝነት እንደ ገና ሻረው።

ይሁን እንጂ በ1990ዎቹ አንዳንድ ሐኪሞች ተቃራኒውን ተከራከሩ። ተጓዡን ብዙ ጊዜ የሚያሳምመው የምንጩ ውኃ ሳይሆን፣ ከሰገራ በኋላ ያልታጠበ የገዛ እጁ ወይም የጓደኛው እጅ ነው አሉ። እኛ ሁለቱ አስተያየቶች የሚቃረኑ አይመስለንም። ውኃውን አጣርቶ እጁን የማይታጠብ ሰው አንዱን በር ዘግቶ ሌላውን ከፍቶ የሚያድር ነው። በክሎሪን ብቻ መተማመንም አደጋ እንዳለው በ1993 በአሜሪካ በሚልዋኪ ከተማ ታየ። ክሎሪን የማይገድለው ክሪፕቶስፖሪድየም በቧንቧው ውኃ ገብቶ 400000 ያህል ሰዎች ታመዋል።

በሌላ በኩል የተናቀው ጨርቅ ክብሩን ያገኘበት ታሪክ አለ። የጊኒ ትል የሚተላለፈው በኵሬ ውኃ ውስጥ በሚኖር በጣም ትንሽ ፍጥረት አማካይነት መሆኑን ሩስያዊው ፌድቼንኮ በ1870 ገደማ አሳወቀ። ይህ ፍጥረት በጠባብ ሽመና ጨርቅ ስለማያልፍ፣ በአገራችን በጋምቤላ ጭምር ለመንደር ሰው የጨርቅ ማጣሪያ፣ ለእረኛና ለመንገደኛም ባንገት የሚንጠለጠል የቧንቧ ማጣሪያ ታደለ። በ1986 በዓለም 3.5 ሚሊዮን ያህል ይገመት የነበረው የሕሙማን ቍጥር ከ2021 እስከ 2024 በየዓመቱ ከ20 በታች ሆኗል። ዘዴው ርካሽ፣ ቀላልና ከጠላቱ ጋር የተመጣጠነ ስለ ሆነ ሠራ።

፮. መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ለሁሉ የሚሆን አንድ ዘዴ አለመኖሩን ነው። ጨርቅ ትልቁን ያስቀራል፤ ረቂቁን ያሳልፋል። ጥሩ ማጣሪያ ጃርድያንና ባክቴሪያን ይይዛል፤ ቫይረስ ግን ሊያመልጠው ይችላል። ክሎሪንና አዮዲን ባክቴሪያንና ቫይረስን ይገድላሉ፤ ክሪፕቶስፖሪድየምን አይችሉትም። ሁሉንም የሚያሸንፈው እሳት ነው፤ እርሱም እንጨትና ጊዜ ይበላል። ውኃ በአዲስ አበባ ከፍታ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ቢሆንም ለመግደል ይበቃል፤ ከ2000 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ፣ ከዚያ በታች 1 ደቂቃ ማቈየት ይመከራል።

ስለዚህ ለምርምር ወደ ገጠር የሚወጡ ጓደኞቻችን ውሳኔውን ከወንዙ ዳር ሆነው በጥም ሰዓት እንዳይወስኑት እናሳስባለን። ከመነሣታቸው በፊት ከምንጩ በላይ ሰፈርና ከብት መኖሩን ይጠይቁ፤ ማገዶ የሚገኝ እንደ ሆነ ይወቁ፤ ማታ የፈላውን ውኃ ለነገው መንገድ በኮዳ ይያዙ፤ ክኒንም ለክፉ ቀን ያስቀምጡ። በሞደር ወንዝ ዳር የነበሩት ወታደሮች ያጡት ትምህርት አይደለም፤ ትምህርቱን በሥራ የሚያውሉበት እንጨትና ጊዜ ነው። ይህን ሁለቱን አስቀድሞ ማዘጋጀት የሚችል ሰው፣ ከታሪክ የሚጠቅመውን ተምሯል ለማለት እንደፍራለን።