ከሩዊ ተራሮች ማዶ፦ የቅንጦት መርከቦች የሚመጡባት የኦማን ጠረፍ

ሩዊ የኦማን ዋና ከተማ የሙስካት የባንክና የንግድ ማዕከል ናት። በሙትራህ ወረዳ ሥር የምትተዳደር ስትሆን፣ ዙሪያዋን ቅጠል የማይታይባቸው ጠቆር ያሉ ዐለታማ ተራሮች ከበዋታል። ከተራሮቹ ማዶ፣ በመኪና ጥቂት ደቂቃ በሚያስኬድ ርቀት፣ በሺህ የሚቆጠሩ መንገደኞችን የሚጭኑ የመዝናኛ መርከቦች የሚቆሙበት የሱልጣን ቃቡስ ወደብ ይገኛል።

በተለምዶ ክሩዝ የሚባለው የመርከብ ጉዞ ሆቴሉን፣ ምግብ ቤቱንና መዝናኛውን ከመንገደኛው ጋር ይዞ የሚዞር የቱሪዝም ዓይነት ነው። የሜዲትራኒያንና የካሪቢያን ወደቦች በእንግዳ በመጨናነቃቸው፣ ኩባንያዎቹ ራቅ ያሉና ብዙ ሰው ያልረገጣቸውን ጠረፎች መፈለግ ከጀመሩ ቆይተዋል። ከ3 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የባሕር ጠረፍ ያላት ኦማን ለዚህ ፍለጋ ከተመቹ አገሮች አንዷ ሆናለች። መርከቦቹ የሚመጡት በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነው። በበጋው የሙስካት ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚያልፍ ለጉብኝት አይመችም።

ሩዊ ራሷ በአንድ ወቅት የአገሪቱ መግቢያ በር ነበረች። እ.ኤ.አ. እስከ 1973 ድረስ አውሮፕላኖች የሚያርፉት በተራሮች መካከል በተዘረጋው በዚሁ ጠባብ ሸለቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1845 የተሠራውና ዛሬ የጦር ኃይሎች ሙዚየም የሆነው የበይት አል ፈለጅ ምሽግ ለቀድሞው አውሮፕላን ማረፊያ ስሙን አውሶት ነበር። ማረፊያው ወደ ሲብ ሲዛወር፣ በቀጣዩ ዓመት የሱልጣን ቃቡስ ወደብ አገልግሎት ጀመረና ለአርባ ዓመታት ያህል የአገሪቱ ዋነኛ የጭነት ወደብ ሆኖ ቆየ።

እ.ኤ.አ. በ2014 ግን መንግሥት የንግድ ጭነቱን በሙሉ ወደ ሶሃር አዛውሮ ይህን ወደብ ለቱሪዝም ለቀቀው። ሶሃር በስተሰሜን ምዕራብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በሰው ወደብ ለምትነግድ አገር አንባቢ ይህ ውሳኔ ያስገርም ይሆናል፤ በመዲና ደጃፍ ያለን ጥልቅ ወደብ ለአንድ ቀን እንግዶች መተው ቀላል ነገር አይደለም።

እንግዶቹ በእርግጥም የአንድ ቀን እንግዶች ናቸው። መርከቡ ብዙውን ጊዜ ማለዳ ደርሶ ማምሻውን ይነሣል። መንገደኞች በወደቡ ግቢ ውስጥ በእግር መሄድ ስለማይፈቀድላቸው በአውቶቡስ እስከ በሩ ይወሰዳሉ። በዚያ ታክሲዎች ይጠብቋቸዋል፤ የታክሲ ሥራ ለዜጎች ብቻ የተከለለ በመሆኑ ሾፌሮቹ ኦማናውያን ናቸው። ከበሩ ወጥቶ የባሕሩን ዳርቻ ተከትሎ የሚሄድ ሰው ወደ ሙትራህ ገበያ ይደርሳል። ዕጣን፣ የብር ጌጣጌጥና ጨርቃ ጨርቅ በጠባብ መተላለፊያዎቹ ተደርድረዋል። ራቅ ብለው በአሮጌው ሙስካት ወሽመጥ በሁለት ዐለቶች አናት ላይ ትይዩ የቆሙት የጀላሊና የሚራኒ ምሽጎች፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ፖርቱጋላውያን ያጠናከሯቸው ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2001 የተመረቀውን የሱልጣን ቃቡስ ታላቁን መስጊድ ማየት የሚሻ ሙስሊም ያልሆነ ጎብኚ በማለዳ መነሣት አለበት። መስጊዱ ለእንዲህ ዓይነት ጎብኚዎች የሚከፈተው ከቀትር በፊት ሲሆን ዐርብ ዝግ ነው፤ ሴቶችም ፀጉራቸውን መሸፈን ይጠበቅባቸዋል። ከ4 ሺህ ካሬ ሜትር በላይ የሚሰፋውና በእጅ የተሠራው ምንጣፉ ብቻውን ለድካሙ ይበቃል።

ሩዊ በመርከቦቹ የጉብኝት መርሐ ግብር ውስጥ እምብዛም ስሟ አይነሣም፤ መነሣት ግን ይገባት ነበር። በመዲናዋ ሱቆች፣ ሆቴሎችና ቤቶች የሚያገለግሉ የሕንድ፣ የፓኪስታን፣ የባንግላዴሽና የሌሎች አገሮች ሠራተኞች ሲገበያዩ፣ ገንዘብ ወደ ቤተሰብ ሲልኩና በዕረፍት ቀናቸው ሲገናኙ የሚታዩት በዚህች ሰፈር ጎዳናዎች ነው። ኢትዮጵያውያንም ከእነዚህ መካከል ናቸው። የሙስካትን የዕለት ኑሮ ማየት ለሚፈልግ፣ ከወርቅ ቤቶቹና ከርካሽ ምግብ ቤቶቹ የተሻለ ቦታ አይገኝም።

ከመዲናዋ ውጭ የጠረፉ ርቀት በይበልጥ የሚታወቀው በሙሳንደም ነው። ይህ ባሕረ ገብ ምድር በሆርሙዝ ሰርጥ ላይ ተንጠራርቶ የሚገኝ ሲሆን፣ ከቀረው የኦማን ግዛት በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች መሬት ተቆርጦ የተለየ ነው። መርከቦች በኸሰብ ከተማ ሲቆሙ መንገደኞች ዳው ወደሚባሉት የእንጨት ጀልባዎች ይዛወራሉ፤ ባሕሩ ተራራውን ሰንጥቆ በገባባቸው ጸጥተኛ ወሽመጦችም ዶልፊኖችን እያዩ ይጓዛሉ። በአንዱ ወሽመጥ ውስጥ የምትገኘው ትንሽ ደሴት፣ እንግሊዞች በ1860ዎቹ የቴሌግራፍ ጣቢያ አቋቁመውባት ብዙም ሳይቆዩ ለቅቀዋት ስለሄዱ እስከ ዛሬ የቴሌግራፍ ደሴት ትባላለች። ከዚያም በላይ ኩምዛር የምትባል፣ በጀልባ ካልሆነ በስተቀር የማይደረስባት መንደር አለች፤ ነዋሪዎቿ ከፋርስኛ ጋር የሚዛመድ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው።

በምሥራቅ በኩል ሱር በዳው ሥራ፣ ራስ አል ጂንዝ ደግሞ እንቁላላቸውን ሊጥሉ በሌሊት ወደ አሸዋው በሚወጡ አረንጓዴ የባሕር ኤሊዎች ይታወቃሉ። ወደ ደቡብ ሲወረድ የሚገኙት የሐላኒያት ደሴቶች እ.ኤ.አ. ከ1854 እስከ 1967 በእንግሊዝ እጅ ነበሩ፤ ከመካከላቸው ሰው የሚኖርባት አንዷ ብቻ ናት። እ.ኤ.አ. በ1503 በማዕበል የሰመጠችው የቫስኮ ዳ ጋማ ጓድ መርከብ ኤስመራልዳ እንደሆነች የሚታመን ስብርባሪ የተገኘው በዚህችው ደሴት አጠገብ ነው።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ግን ከሁሉም የሚቀርበው ሰላላ ነው። በሰላላ ዙሪያ ያሉት የጥንት የዕጣን ንግድ ሥፍራዎች እ.ኤ.አ. በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ከእነዚህ አንዱ ኾር ሮሪ በሚባለው ወሽመጥ ላይ የፈረሰው የሱምሁራም ወደብ ነው። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው ፔሪፕለስ የተባለው የመርከበኞች መመሪያ፣ አዱሊስንና አክሱምን እንደሚያነሣ ሁሉ የዚህን ጠረፍ ዕጣንም ይዘግባል። የዛፉ ዘመድ በመተማ፣ በቋራና በትግራይ ቆላዎች ይበቅላል። ቅርፊቱ ተፍቆ የሚፈሰውን ሙጫ የመሰብሰቡ ሥራም በሁለቱም አገሮች ተመሳሳይ ነው።

ሰላላ ሌላ ምሥጢርም አላት። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ድረስ ኸሪፍ የሚባለው የዝናብ ወቅት ተራሮቿን በጉምና በልምላሜ ሲያለብሳቸው፣ ከሙቀት የሚሸሹ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ሰዎች ወደዚያ ይጎርፋሉ። በዚያ ጊዜ ባሕሩ ይናወጣል፣ የክሩዝ መርከቦችም አይመጡም። በክረምታችን የማይመጣው የመርከብ መንገደኛ በጥርና በየካቲት ሲደርስ የሚያየው እየደረቀ ያለ ሣር ነው።

የዚህ ሁሉ ጉዞ መንገድ በሁለት ጠባብ ሰርጦች፣ በባብ ኤል መንደብና በሆርሙዝ ላይ የተንጠለጠለ ነው። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2023 ጀምሮ በቀይ ባሕር መርከቦች ላይ ጥቃት ሲሰነዘር፣ ከአውሮፓ ወደ ባሕረ ሰላጤው የሚመጡ አንዳንድ ኩባንያዎች ጉዟቸውን ሰርዘዋል፤ ሌሎችም በደቡብ አፍሪካ ዞረዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ኦማን በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የክሩዝ መርከቦችን ከወደቦቿ አግዳ ነበር። እንዲህ ባለው ወቅት በሙትራህ በር ላይ የሚሰለፈው ታክሲ ተሳፋሪ ያጣል፤ የገበያው ዕጣን ሻጭም የሚጠብቀው የአገሩን ሰው ብቻ ይሆናል። የጭነት መርከቦቹ ደግሞ ወደ ሶሃር ሄደዋል።