የአርሲ ደጋ ሰው በሲኒማ ሸራ

የውበት መለኪያ ከዘመን ዘመን ይለዋወጣል። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ የሴት ልጅ ማማር ለረጅም ዘመን በዶቃ ባጌጠ የቆዳ ልብስና ቅቤ በጠጣ ጸጉር ይታይ የነበረ ሲሆን፣ የባለትዳር ሴት ግርማ ደግሞ በሲንቄ፣ ማለትም ስታገባ ከእናቷ በምትቀበለው የክብርና የመብት ምልክት በሆነው ቀጭን በትር፣ ይገለጥ ነበር።

ሲኒማ ሌላ ዓይን ይዞ መጣ። በከተሞች ይታዩ ከነበሩት ፊልሞች ብዙዎቹ የአሜሪካና የህንድ ስለነበሩ፣ ተመልካቹ ከፊልም ሰው የሚጠብቀው መልክ ከራሱ የራቀ ነበር፤ የአማርኛ ፊልም በተስፋፋበት ጊዜም ከቁንጅና ውድድር ወደ ትወና መሻገር የተለመደ ሆነ። በ2006 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሚስ ወርልድ ኢትዮጵያን የወከለችው አምለሰት ሙጬ በኋላ በፊልም መታወቋ ለዚህ ይጠቀሳል።

ከዚህ አካሄድ ፈጽሞ የሚለየው በ1999 ለእይታ የበቃው፣ እንግሊዛዊው ሌስሊ ውድሄድ ያዘጋጀው «ኢንዱራንስ» ነው። ፊልሙ በአርሲ፣ በአሰላ ከተማ አቅራቢያ ከገበሬ ቤተሰብ የተወለደውን አትሌት ኃይሌ ገብረሥላሴን የሚተርክ ሲሆን፣ ኃይሌ ራሱን ሆኖ ሲቀርብ ልጅነቱን ዘመዱ የሆነ ታዳጊ፣ እናቱን ደግሞ የገዛ እህቱ ተጫውተዋል፤ በመሆኑም ተመልካቹ ያየው በመዋቢያ የተለሰለሰ የተዋናይ ፊት ሳይሆን የደጋ ብርድና ፀሐይ ያበሰለው የአንድ ቤተሰብ ፊት ነበር። ትከሻ ሰፊና ቁመተ ረጅም ጀግና ለለመደ ሰው ቁመቱ 1.65 ሜትር ገደማ የሆነ ቀጭን ሯጭ የፊልም መሪ ተዋናይ ሆኖ ማየት ቀላል ለውጥ አልነበረም። ከሁሉ በላይ የሚደንቀው ግን ግራ ክንዱ ነው፤ ኃይሌ 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ትምህርት ቤት ይሄድ በነበረበት ጊዜ ደብተሮቹን በዚያ ክንድ ይይዝ ስለነበር፣ አድጎም ሲሮጥ ክንዱ ደብተር እንዳቀፈ ታጥፎ ይታያል፤ በ1996 በአትላንታ ፖል ቴርጋትን ቀድሞ የ10,000 ሜትር ወርቅ ሲያጠልቅም እንዲሁ ነበር። እንዲህ ያለውን የሰውነት እውነት የትኛውም የትወና ትምህርት ሊያስገኘው አይችልም።

በ1996 በአርሲ የተፈጸመ ጠለፋን፣ ማለትም ልጃገረድን ያለ ፈቃዷ በጉልበት ወስዶ ሚስት የማድረግን ጎጂ ልማድ፣ መነሻ ያደረገው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» (2014) በአንጻሩ ሁለት ዓይነት ፊቶችን አጎራብቷል። ለተጠለፈችው ልጅ የምትቆመውን የጠበቃዋን የመዓዛ አሸናፊን ገጸ ባሕርይ የተጫወተችው በ«ዳና» ተከታታይ ድራማ የምትታወቀው ሜሮን ጌትነት ስትሆን፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የምትጠለፈውን ልጅ የተጫወተችው ግን ለተመልካቹ አዲስ የነበረችው ትዝታ ሀገሬ ነበረች። ታዋቂዋ ተዋናይት ተመልካቹን ወደ ታሪኩ ብትጠራውም፣ ሐዘኑን የሚሸከመው ያልታወቀው ፊት ነው፤ ምክንያቱም ቀድሞ የሚታወስ ሌላ ሚና ስለሌላት ልጅቷ ራሷ የአርሲ ገጠር ተማሪ ሆና ትታያለች። ፊልሙ በዚያው ዓመት በሰንዳንስና በበርሊን ፌስቲቫሎች የተሸለመው በዳኞች ብይን ሳይሆን በተመልካቾች ድምፅ ነው።